ከርባል ላይ የሳይንስ ፖይንት ደርቆብኛል፣ እናንተ ከየት ነው ምታመጡት?

ጄብን_ገደልኩት፦
ሰላም ጓዶች። እስካሁን ዝም ብዬ ነበር ማነበው፣ ዛሬ ግን ስለተማረርኩ ልፃፍ ብዬ ነው። ከርባል ስፔስ ፕሮግራም (ሮኬት እየሰራን ምናስወነጭፍበት ጌም) ላይ ካሪየር ሞድ (ብርም ህንፃም ምታስተዳድርበት) ጀምሬ መጀመሪያ ላይ ፖይንቱ እንደ ጉድ ነበር ሚመጣው፣ ሮኬት ባስወነጨፍኩ ቁጥር በፖይንቱ አዲስ የሮኬት እቃ እከፍታለሁ፣ ባለ 5 ፖይንቶቹን ጨረስኩ፣ ባለ 15፣ ባለ 18፣ ባለ 20 ጨረስኩ፣ ከባለ 45ቶቹ ሶስት ከፈትኩና ከዛ ቀጥ አለ። አሁን አንዲት ባለ 90 ለመክፈት ሁለት ማታ ሙሉ ጄብን (ጠፈርተኛዬን) ስፔስ ሴንተሩ ግቢ ውስጥ ሳዞረው ነው ያመሸሁት። ማስወንጨፊያው ላይ ክሪው ሪፖርት፣ 1.5 ፖይንት። ቴርሞሜትር፣ 2.4። ደግሜ ስነካው ዜሮ።

ሙን (የጌሙ ጨረቃ) ላይ ለማረፍም ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴም ተከስክሻለሁ (ስሜን እዩት)፣ የሰበሰብኩት ዳታም አብሮ ዶግ አመድ ሆነ። ትልቅ ሮኬት ለመስራት ፖይንት ያስፈልጋል፣ ፖይንት ለማግኘት ደግሞ ትልቅ ሮኬት ያስፈልጋል፣ እና እኔ ከየት ልጀምር? ምን እየሳትኩ ነው?

ማርሽ_ቀያሪ፦
እንኳን ደህና መጣህ፣ ጄብን ያልገደለ እዚህ የለም አይክፋህ። ከመመለሳችን በፊት ሁለት ጥያቄ። የሪሰርች ህንፃውን አሳድገኸዋል ወይስ ያው የመጀመሪያው ነው? የአስትሮናት ህንፃውስ? ብዙ ሰው ሮኬቱ ላይ ብቻ ተጠምዶ እነዚህን ይረሳቸዋል።

ጄብን_ገደልኩት፦
የአስትሮናቱን አሳድጌዋለሁ ምክንያቱም ኦርቢት ላይ ወጣ ማለት አልችልም ብሎኝ ነበር። የሪሰርቹን አልነካሁትም ውድ ነው። ቆይ ግን እግረ መንገዴን፣ ቪዲዮ ላይ ሰዎች መሬት ላይ ቆመው ሳምፕል ሲያነሱ አያለሁ፣ እኔ ጋ እሱ ቁልፍ ጭራሽ አይመጣም። ሞድ ነው እንዴ?

ማርሽ_ቀያሪ፦
ያዝኩህ! ሞድ አይደለም። ሳምፕል ማንሳት ሚፈቀደው የሪሰርች ህንፃው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። ሌላው ደግሞ ባለ አንደኛ ደረጃ ህንፃ ከ100 ፖይንት በላይ ሚያስከፍል ኖድ (በፖይንት ምንከፍተው የእቃ ጥቅል) አይከፍትልህም፣ ሁለተኛው እስከ 500 ይሄዳል፣ ሶስተኛው ሁሉንም። ስለዚ ፖይንት ብትቆልል እንኳን ባለ 160ዎቹ በር ላይ መቆምህ አይቀርም ነበር። ገንዘብህን ለሱ አጠራቅም። ሳይንስ ሞድ ቢሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም፣ እዛ ብርም ዝናም የለም ህንፃዎቹም ገና ከመጀመሪያው ያደጉ ናቸው።

ድንጋይ_ለቃሚ፦
እኔ ዋናው ችግር ሌላ ይመስለኛል፣ ትንሽ ላርዝመው።

አንተ ፖይንት ከመሳሪያው ሚመጣ መስሎሃል። አይደለም፣ ፖይንት ከቦታው ነው ሚመጣው። እያንዳንዱ ሙከራ መነሻ ዋጋ አለው፦ ክሪው ሪፖርት 5፣ ከመርከብ ወጥተህ ምታደርገው ኢቪኤ ሪፖርት 8፣ ቴርሞሜትር 8፣ ጉው (እቃ ውስጥ ያለ ዝልግልግ ነገር) 10፣ ባሮሜትር 12፣ ሳይንስ ጁኒየር (የቁሳቁስ መሞከሪያ) 25፣ የመሬት ሳምፕል 30። ደምራቸው፣ 98። ይሄ 98 በቦታው ማባዣ ይባዛል። ከርቢን (ምንነሳባት ፕላኔት) መሬት ላይ ማባዣው 0.3 ነው፣ ስለዚ ሰባቱንም ሰርተህ ሰብስበህ 29 ነጥብ ምናምን። ጄብ ግቢ ውስጥ ያገኘው 1.5 ማለት 5 ሲባዛ በ0.3 ነው፣ ጌሙ እያጭበረበረህ አይደለም።

አሁን ያንኑ እቃ ይዘህ ሙን ላይ ውረድ፣ ማባዣው 4። 392 ፖይንት። ሚንመስ (ሁለተኛዋ ጨረቃ) ላይ ውረድ፣ ማባዣው 5። 490። ከአንድ ማረፊያ ነው ይሄ ሁሉ! እና እቃው ያው ነው አዲስ ምንም አልከፈትክም። ሚንመስ ደግሞ 9 ባዮም (የተለያየ መልክ ያለው የመሬት ክልል) አላት፣ በእያንዳንዱ ባዮም መሬት ላይ ሁሉም እንደ አዲስ ይቆጠራል። አንተ 90 ፖይንት ፍለጋ ሁለት ማታ ግቢ ስትዞር እዛ ላይ ከ4,000 በላይ ተኝቶልሃል።

ደግመህ ስትነካ ዜሮ ያለህ ክሪው ሪፖርትና ቴርሞሜትር አንዴ ከተሰራ ያለቀ ስለሆነ ነው። ጉው ግን ትንሽ ይተርፈዋል፣ መነሻው 10 ጣሪያው 13 ነው፣ ስለዚ ሁለተኛ ብታመጣ የመጀመሪያውን ሩብ እንኳን አይሞላም። ለዛ ብለህ ሌላ ጉዞ እንዳትሄድ፣ አይረባም።

ጄብን_ገደልኩት፦
490??? ከአንድ ማረፊያ? ወንድሜ ይሄን የት ነበርክ ሁለት ቀን ሙሉ

ድንጋይ_ለቃሚ፦
እህቴ ማለትህ ነው ሃሃ። እዚሁ ነበርኩ አልጠየቅክም።

ጄብን_ገደልኩት፦
ይቅርታ እህቴ! ግን ሙን ላይ መውረድ ያቃተኝ ሰውዬ ከሙን አልፎ ሚገኝ ነገር ላይ እንዴት ነው ምወርደው?

ድንጋይ_ለቃሚ፦
ሁሉም ሰው ሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሚንመስ ሩቅ ናት እንጂ ከባድ አይደለችም። ነዳጁን በርቀት አትቁጠረው በዴልታ ቪ (በሚያስፈልግህ የፍጥነት ለውጥ) ቁጠረው። ከከርቢን ዝቅተኛ ኦርቢት ተነስተህ ሙን ለመድረስ በግምት 860 ሜትር በሰከንድ፣ ኦርቢቱ ውስጥ ለመግባት 310፣ ለመውረድ 580። ሚንመስ ለመድረስ 930፣ ለመግባት 160፣ ለመውረድ 180 ብቻ! መመለሱም እንደዛው፣ ከሙን ለመነሳትና ለመውጣት 890 አካባቢ ከሚንመስ 340። የስበት ኃይሏ የከርቢን አንድ ሃያኛ ነው፣ ስትወርድ ላባ ነው ምትመስለው፣ ተሳስተህ እንኳን ለማሰብ ጊዜ ይሰጥሃል። ጠፍጣፋዎቹ ሜዳዎች ደግሞ ከፍታቸው ልክ ዜሮ ስለሆነ ከላይ ያለው ቁጥር ምን ያህል እንደቀረህ በትክክል ይነግርሃል። ሙን ላይ ሚገድልህ እሱ አይደል፣ 3,000 ሜትር ይላል ተራራው ግን 500 ሜትር ስርህ ነው።

ችግሯ ሁለት ነው፦ ኦርቢቷ 6 ዲግሪ ዘንበል ያለ ስለሆነ መጀመሪያ ማስተካከል አለብህ፣ ሌላው መንገዱ ከሳምንት በላይ ይፈጃል (በከርቢን ቀን ነው፣ 6 ሰዓት)። ሰዓቱን ታፈጥነዋለህ አለቀ።

ግቢ_ዟሪ፦
ይቺ ግቢውን የማናናቅ ነገር ግን ሁሌ ታናድደኛለች። ግቢ ውስጥ እያንዳንዱ ህንፃ የራሱ ባዮም ነው እኮ፣ ማስወንጨፊያው፣ መንደርደሪያው፣ ሮኬት መገጣጠሚያው፣ የሪሰርቹ፣ የአስትሮናቱ፣ ባንዲራው ሳይቀር። ትንሽ ጎማ ያላት ነገር ሰርቼ ቴርሞሜትር፣ ባሮሜትርና ጉው ጭኜ አንድ ዙር ስዞር አንድም ሰው ሳይሞት፣ አንድ ሊትር ነዳጅ ሳላቃጥል ጥሩ ፖይንት ይዤ እገባለሁ። ለጀማሪ ይሄ ነው ሚሻለው።

ማርሽ_ቀያሪ፦
ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል ግን?

ግቢ_ዟሪ፦
አርባ ምናምን

ማርሽ_ቀያሪ፦
አርባ ደቂቃ መንደርደሪያ ላይ መኪና መንዳት! እኔ ለሱ ሌላ ጌም አለኝ።

ግቢ_ዟሪ፦
የሰው ደስታ አትንኩ። ሳይንሱ ባይሞላም መንዳቱ ያዝናናል።

ዝምተኛ_ሳተላይት፦
ባለ 90ዋን ዛሬውኑ መክፈት ከፈለግክ ሚንመስ ድረስም አትሂድ። የአስትሮናት ህንፃህ አድጓል ብለሃል አይደል? እንግዲያው ከርቢንን በዋልታ በኩል ሚዞር ኦርቢት ውስጥ ግባ፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ከ250 በታች፣ 80 ላይ ብትሆን ጥሩ ነው። ኢቪኤ ሪፖርት በዝቅተኛ ህዋ ላይ ሆነህ በየባዮሙ ለየብቻ ይቆጠራል። ክሪው ሪፖርት እዛ ላይ አንዴ ብቻ ነው፣ ጉውም፣ ቴርሞሜትርም። ኢቪኤ ሪፖርት ግን ከስርህ በረሃ ሲሆን አንድ፣ ውሃ ሲሆን ሌላ፣ ተራራ ሲሆን ሌላ።

አሰራሩ እንዲ ነው። ጄብን አስወጣው፣ መሰላሉን እንደያዘ ይቆይ እንዳይለቅ። ሪፖርት አድርግ፣ ግባ፣ ትንሽ ጠብቅ፣ ከስር መልኩ ሲቀየር ውጣ፣ ሪፖርት አድርግ፣ ግባ። ከርቢን ላይ 11 ባዮም አለ (ግቢውን ሳይጨምር)፣ እዛ ከፍታ ላይ ማባዣው 1 ስለሆነ እያንዳንዱ 8 ፖይንት፣ በድምሩ 88። ባለ 90ዋ ላይ 2 ትጎድልሃለች እሷን ግቢ ውስጥ ታገኛታለህ ሃሃ። የባህር ዳርቻው ባዮም ቀጭን ክር ናት፣ እጅህን ቁልፉ ላይ አርገህ ካልጠበቅክ ታመልጥሃለች። ከርቢን እስክትዞርልህ ደግሞ ብዙ ዙር መጠበቅ አለ፣ ግን ሮኬቱ ትንሽ ነው አደጋም የለውም።

ያንኑ ዘዴ በኋላ ሙን ላይ ስትደግመው በአንድ ሪፖርት 24፣ ሚንመስ ላይ 32 ነው።

ጄብን_ገደልኩት፦
ይሄ አሪፍ ነው ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ። አንድ ነገር ግን፣ ዳታውን በአንቴና ልላከው ወይስ ይዤው ልመለስ? ልልከው ስል ትንሽ ፐርሰንት ይለኛል።

ዝምተኛ_ሳተላይት፦
ክሪው ሪፖርትና ኢቪኤ ሪፖርት መቶ በመቶ ይላካሉ፣ ሳታስብ ላካቸው። እንደውም አደገኛ ነገር ልትሞክር ስትል ቀድመህ ላክ፣ ሙን ላይ ሁለቴ ስትከሰከስ ከመውረድህ በፊት ብትልካቸው ኖሮ ጄብ በከንቱ አይሞትም ነበር። ሌላው ግን ሲላክ ይቀንሳል፣ ቴርሞሜትርና ባሮሜትር ግማሽ፣ ሳይንስ ጁኒየር 35 ከመቶ፣ ጉው 30፣ ሳምፕል 25 ብቻ። እነዚህን ይዘህ ና።

አንቴናው መስመር ማግኘቱንም እይ፣ 2016 ላይ ከወጣው ከጌሙ ቨርዥን 1.2 ጀምሮ ግንኙነት ከሌለ አይላክም፣ ሙን ጀርባ ሆነህ ብትጮህ ሚሰማህ የለም።

አፖአፕሲስ፦
የሳምፕሉ 25 ከመቶ ነገር ብዙ ሰው ያናድደዋል ግን እኔ ጌሙ ውስጥ ካሉት ነገሮች በጣም እውነት ሚመስለኝ እሱ ነው። አስቡት፣ ድንጋይ በራዲዮ አይላክም። ቦታው ላይ ያለ መሳሪያ የለካውን ቁጥር ነው ምትልከው እንጂ ድንጋዩን አይደለም። አፖሎ ከ1969 እስከ 1972 በስድስት ማረፊያ 382 ኪሎ አምጥቷል፣ እና ከዛ ውስጥ ሆን ተብሎ ታሽጎ የቆየ ከአፖሎ 17 የመጣ ናሙና የተከፈተው በ2022 ነው! ሀምሳ አመት ሙሉ ያስቀመጡት የተሻለ መሳሪያ እስኪመጣ ነው። ኦሳይረስ ሬክስ (የናሳ መንኮራኩር) በ2023 ከቤኑ አስትሮይድ ይዞ የተመለሰው 121.6 ግራም ነው፣ ስኒ አይሞላም፣ ለሱ ሲባል ነው የሰባት አመት ጉዞ የተሄደው።

እና ሌላ ምክር ከዛው ታሪክ፦ ጄብን እቤት ተወው። አፖሎ 17 ላይ ሃሪሰን ሽሚት የሚባል ጂኦሎጂስት ነበረ፣ ጨረቃ ላይ የቆመ ብቸኛው በሙያው ሳይንቲስት እሱ ነው፣ ሾርቲ ከሚባለው ክሬተር ጠርዝ ላይ ብርቱካናማ አፈር አየሁ ብሎ የጮኸው እሱ ነው፣ ኋላ ሲመረመር የድሮ እሳተ ገሞራ የረጨው የመስታወት ፍንጣሪ ሆኖ ተገኘ። ጌሙ ላይም ሳይንቲስቱ ቦብ ነው። ጉውና ሳይንስ ጁኒየር አንዴ ከሰሩ በኋላ እንደገና ሊያድሳቸው ሚችለው እሱ ነው፣ ጄብ አይችልም። አንድ ሳይንስ ጁኒየር ይዘህ ኦርቢት ላይ ሰርተህ፣ ዳታውን አውጥተህ፣ ቦብ አድሶት መሬት ላይ ደግሞ ትሰራበታለህ።

ማርሽ_ቀያሪ፦
ቦብ ግን ፓይለት ስላልሆነ መርከቡን ቀጥ አርጎ ሚይዘው ኤስኤኤስ አይሰራለትም፣ ፕሮብ ኮር (ያለሰው ሚነዳ ኮምፒውተር) ጨምርለት። ስቴይፑትኒክ እንዳይሆን ብቻ፣ እሱ ራሱ ኤስኤኤስ የለውም፣ ሁለቱም ማያውቁ ሹፌሮች ይሆኑብሃል።

ጄብን_ገደልኩት፦
ተመልሻለሁ። መጀመሪያ ደስ ሚለውን ልንገራችሁ፣ የኢቪኤ ሪፖርቱ ሰርቷል፣ አስሩን ይዤ የባህር ዳርቻዋ አምልጣኛለች፣ ሶስት ዙር ጠብቄያት ሶስቴም አምልጣኛለች። ባለ 90ዋን ከፈትኩ።

ከዛ ልቤ አበጠና ቦብን ሚንመስ ላክሁት። ደረሰ! ወረደ! ሜዳው ላይ እንደዛ ቀስ ብሎ ሲወርድ ትንፋሼን ይዤ ነበር፣ በሰከንድ 2 ሜትር፣ አረፈ፣ አልተገለበጠም፣ እጄን አጨበጨብኩ ብቻዬን። በሉ ቦብ ውጣና ታሪክ ስራ ብዬ ውጣ የሚለውን ስነካ በሩ ተዘግቷል መውጣት አይቻልም ይለኛል። ምን? ሜሞሪው ነው፣ ባግ ነው ምናምን እያልኩ ሴቭ አርጌ ሎድ አርጌ፣ ወይ ፍንክች። ካሜራውን አዙሬ ጠጋ ብዬ ሳይ ጉዉን በሩ ፊት ለፊት ነው የለጠፍኩት። በሩ ላይ! ልክ እንደ መዝጊያ ቁልፍ። ሲምሜትሪ አርጌ ሁለት ስለጥፍ አንደኛው በዛኛው ጎን በሩ ላይ ሄዶ ተቀምጧል እኔ ደግሞ በዚህ በኩል ነው ሳየው የነበረው።

ቦብ ያንን ሁሉ መንገድ ሄዶ በመስኮት አይቶ ተመለሰ። ሳይንስ ጁኒየር ውስጥ ያለውን ዳታ ሚያወጣው ስለሌለ ሳይንስ ጁኒየሩን ራሱን ይዤ ልግባ አልኩ፣ አየር ውስጥ ስገባ ከ3,000 ሜትር በሰከንድ በላይ ነበርኩ፣ መጀመሪያ የተቃጠለው እሱ ነው። ከዳር ያለው ጉውም ሄደ። በሩን የዘጋው ጉው ግን ምንም ሳይሆን በሰላም ገባ። 50 ፖይንት ይዞ!!

ድንጋይ_ለቃሚ፦
ሃሃሃሃ ወይኔ ቦብ። ጥፋተኛው ተሸልሞ ገባ

ማርሽ_ቀያሪ፦
ሆዴን አመመኝ። በድምሩ ስንት አገኘህ ግን?

ጄብን_ገደልኩት፦
ኮማንድ ፖዱ (ቦብ ሚቀመጥበት ክፍል) ላይ የተለጠፉት ተርፈዋል፣ ክሪው ሪፖርት 25፣ ቴርሞሜትር 40፣ ባሮሜትር 60 እና ያቺ ጉው 50። 175። እና ታውቃላችሁ ምን እንዳናደደኝ? ተበላሽቶም፣ ተቃጥሎም፣ ቦብ እግሩን መሬት ሳያስነካም፣ ከሁለቱ ማታ የግቢ ዙረት ይበልጣል።

ግቢ_ዟሪ፦
አይቼዋለሁ። ምንም አልልም።

ድንጋይ_ለቃሚ፦
በሚቀጥለው እንዲ አርግ። በሩን ካየህ በኋላ (!) ሳይንስ ጁኒየሩን ከላንደሩ (ከማረፊያው ክፍል) ጋር ጥለኸው ትመጣለህ። አየር ውስጥ ከመግባትህ በፊት ቦብ ወጥቶ ዳታውን ከሁሉም ይሰብስብ፣ ፖዱ ውስጥ ይግባ፣ ሁሉም ፖዱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ተመሳሳይ ነገር ሁለቴ አይዝም እንጂ የተለያየ ከሆነ ቁጥር የለውም። ከዛ ከሙቀት መከላከያውና ከፓራሹቱ ሌላ ምንም ይዘህ አትግባ። ሳይንስ ጁኒየር ሙቀት አይችልም፣ ቀድሞ ሚነደው እሱ ነው።

አንድ ደግሞ ማንም ያላነሳው አለ። ስትወርድ ሜዳው መሀል ላይ አትውረድ ጠርዙ ጋ ውረድ። የቦብ ጀርባ ላይ ያለው ጄትፓክ 5 ዩኒት ነዳጅ ብቻ ነው ሚይዘው ግን ሚንመስ ላይ በሷ ብቻ ኦርቢት መግባት ይቻላል፣ እንደዛ ነው ስበቱ ሚያንሰው። ስለዚ መርከቡን ሳታንቀሳቅስ ቦብ በጄትፓኩ ወደ ተዳፋቱ በሮ ሄዶ ሌላ ባዮም ላይ ሳምፕል ያነሳል፣ ኢቪኤ ሪፖርት ያደርጋል፣ ይመለሳል። 150 እና 40። ለአስር ደቂቃ ስራ 190። ነዳጁን ግማሽ ላይ ሲደርስ መመለስ እንዳለበት ብቻ አትርሳ፣ እኔ አንዱን ቦብ በእግሩ 6 ኪሎ ሜትር አስኬጄዋለሁ። እየዘለለ። ሚንመስ ላይ መራመድ አይባልም እሱ።

ማርሽ_ቀያሪ፦
ሳምፕሉ ግን የሪሰርች ህንፃውን ይፈልጋል። ኮንትራት ላይ ከከርቢን ወይ ከሙን አካባቢ የሳይንስ ዳታ ላክ የሚል ይመጣልሃል፣ እሱን አትለፈው። እዛ ኦርቢት ውስጥ ቴርሞሜትርና አንቴና ያለው ትንሽ ነገር አንዴ ካስቀመጥክ ኮንትራቱ በመጣ ቁጥር ያንኑ ቴርሞሜትር ነክተህ ትልካለህ፣ ፖይንቱ ዜሮ ቢሆንም ኮንትራቱ ይቆጠራል ብሩም ይገባል። ተኝተህ ነው ምትበላው።

ዝምተኛ_ሳተላይት፦
ህንፃውን ካሳደግክ በኋላ ደግሞ ላብ (ላቦራቶሪ) አለልህ፣ ባለ 160 ኖድ ላይ ነው። ሁለት ሳይንቲስት ታስገባበታለህ፣ ዳታ ትሰጠዋለህ፣ 1 ዳታ 5 ሳይንስ ይሆናል፣ ዳታው ራሱ ደግሞ አይጠፋም በኋላ ይዘኸው መመለስ ትችላለህ። 500 ሳይንስ ሲሞላ ብቻ መላክ አለብህ አለበለዚያ ይቆማል። ሚንመስ ኦርቢት ላይ አንድ ላብ አስቀምጠህ ላንደሩን ከስር እያመላለስክ ብትቀልበው ቴክ ትሪው (የኖዶቹ ዝርዝር) በሙሉ ያልቃል፣ ከርቢንና ሁለቱ ጨረቃዎቿ ይበቁሃል።

ድንጋይ_ለቃሚ፦
ላብ ላይ አልስማማም ወይም እንደሚሰራ እስማማለሁ ግን ጌሙን ይገድለዋል። ሰዓት እያፈጠኑ ቁጥር ሲጨምር ማየት። ዱና (ሌላኛዋ ፕላኔት) ላይ እግርህን ሳታሳርፍ የኒውክሌር ሞተር ከፍተህ ቁጭ። ለምንድነው ታዲያ ሮኬት ምንሰራው?

ዝምተኛ_ሳተላይት፦
ስራ ውለህ ማታ አንድ ሰዓት ብቻ ምትጫወት ከሆነ ያን ግዜ እናወራለን።

ድንጋይ_ለቃሚ፦
እኔም ስራ ውዬ ነው ምገባው፣ ለዛ ነው ያቺን አንድ ሰዓት ቁጥር በማየት ማላሳልፋት።

አፖአፕሲስ፦
እናንተ ሁለታችሁ በየክሩ ይሄን ክርክር ካላደረጋችሁ አትተኙም መሰለኝ። ላቡን በልኩ መጠቀም ይቻላል፣ እኔ አንዴ ሞልቼ ልኬ ለቀቅኩት፣ ማንም አልሞተም።

ጄብን_ገደልኩት፦
ሳምንት ሙሉ ጠፍቼ ነበር፣ ብር ስለቅም ነው። ቴርሞሜትር ያለባት ሳተላይት ሙን ላይ አስቀምጬ ኮንትራቱን በላይ በላዩ ሰራሁ፣ ቱሪስት ኦርቢት ላይ አዙሬ መለስኩ (አንዷ በሰላም ትግባ እንጂ ተገልብጣ ነው የገባችው)፣ የሪሰርች ህንፃው አደገ።

እና ትናንት ማታ ቦብ ሚንመስ ላይ ወጣ። ወጣ! ሌላኛው ትልቁ ሜዳ ላይ ነው ያረፍኩት ያኔ ያረፍኩበት ላለመድገም። ድንጋይ አነሳ፣ ባንዲራ ተከለ፣ ሰባቱንም ሰርቼ ልክ እንዳልሽኝ 490። ከዛ ጄትፓኩን ለበሰና ጠርዙን አልፎ ተዳፋቱ ላይ ሄደ፣ እንዴት እንደሚያምር አረንጓዴው መሬት ላይ ያቺ ነጭ ነጥብ እየራቀች ስትሄድ፣ 190። ሲመለስ ነዳጁ 0.8 ቀርቶት ነበር፣ ግማሽ ላይ ተመለስ ያልሽውን ረስቼ አይደለም፣ እይታው ይዞኝ ነው። ኦርቢት ላይ ሳይንስ ጁኒየሩን አድሶ እንደገና ሰራበት። ከርቢን አፋፍ ላይ ሁሉንም ሰብስቦ ፖዱ ውስጥ ገባ፣ የቀረውን ጣልኩት፣ ሲነድ በመስኮት አየነው። ባህር ላይ አረፈ፣ ሪከቨር ስል ዝርዝሩ ከስክሪኑ ወርዶ ቀጠለ፣ ከ900 በላይ።

900! ለ90 ስለምን አልነበር እንዴ?

ማርሽ_ቀያሪ፦
አቦ ደስ ሲል!! ምን ከፈትክበት?

ጄብን_ገደልኩት፦
አራት ባለ 160፣ የቀረውን ባለ 90ዎቹ ላይ በተንኩት። ላቡን ከፍቻለሁ ግን ገና አልሰራሁትም እህቴን ፈርቼ ሃሃ። አሁን ሀሳቤ ዱና ነው። ማባዣው ስንት ነው?

ድንጋይ_ለቃሚ፦
መሬቱ ላይ 8። ያው ሰባቱ እቃ 784 ይሆናል፣ አየር ስላላት ደግሞ እየወረድክ በመንገድ ላይ ምትሰበስበው አለ። ግን እንደ ሚንመስ በፈለግክ ሰዓት አትነሳም። ዱና ከከርቢን 44 ዲግሪ አካባቢ ቀድማ ስትገኝ ነው ምትነሳው፣ ካለፈህ ከሁለት አመት በላይ ትጠብቃለህ። አየሯ ስስ ስለሆነ ፓራሹት ብቻውን አያሳርፍህም፣ መጨረሻ ላይ በሞተር ትረዳዋለህ። ለቦብ ቦታ ጨምርለት፣ ያን ያህል ጊዜ ባለ አንድ ሰው ፖድ ውስጥ ግፍ ነው።

ጄብን_ገደልኩት፦
ሁሉንም አርጌያለሁ። ባለ ሶስት ሰው ፖድ ነው፣ ቦብ፣ ቢል እና ቫለንቲና። ሳይንስ ጁኒየር ሁለት፣ ጉው አራት፣ ሶላር ፓነል፣ ትልቁ አንቴና፣ ነዳጁንም ሁለቴ ደምሬዋለሁ። በሩ ፊት ምንም የለም፣ ካሜራውን አዙሬ በአራቱም በኩል ሶስቴ አይቼዋለሁ። አሁን ማስወንጨፊያው ላይ ቆሟል፣ ልለቀው ነው።

ግቢ_ዟሪ፦
ፓራሹትስ?

ጄብን_ገደልኩት፦
መጣሁ